የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጀምረው 9ኛ ክፍል ላይ ነው

የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተናን ያለፈ ልጅ ያለው ወላጅ ነሐሴ ላይ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ገበያ ወጥቶ ደብተር ሲገዛ «እፎይ፣ ለቀጣዩ ፈተና ገና አራት ዓመት አለው» ይላል። የዓመቱ ቆጠራ ልክ ነው። የተዘነጋው ግን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚወጣው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ካለው ትምህርት በሙሉ መሆኑ ነው። ልጁ ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ሳይገባው የሚያልፈው የኬሚስትሪ ምዕራፍ ከአራት ዓመት በኋላ ክረምት ላይ መጥቶ ይጠይቀዋል።

በመሀል ደግሞ የሚያነቃ ደወል የለም። ድሮ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ልጁ የት ላይ እንደደከመ ቤተሰቡ በግድ ያይ ነበር። ያ ፈተና ከ2011 ዓ.ም. በኋላ ቀርቷል። አሁን ልጅ ከክፍል ክፍል እያለፈ፣ ካርዱም ደህና እየመሰለ 12ኛ ክፍል ይደርሳል።

እዚያ ሲደርስ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ በቁጥር እንይ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በመላ አገሪቱ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ቁጥሩ ከ2016 ወዲህ አድጓል፤ በ2017ም ቢሆን ግን ከ100 ተፈታኝ ከ90 በላዩ ግማሹን አላገኘም። ከ2016 ጀምሮ ፈተናው ከ600 የሚታሰብ ሲሆን እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ መለኪያ) ለሁሉም የጋራ ናቸው። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይጨምራል፤ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። ማለፊያው ግማሹ፣ 300 ነው።

ልጆቻችን ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም እንዲህ የሆነው። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ሄዶ ኩረጃ ሲዘጋ ለዓመታት ተሸፍኖ የኖረው ክፍተት ነው የታየው። ክፍተቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው 9ኛ ክፍል፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነው። ለዚህም ሁለት ምክንያቶች አሉት፤ አንዱ ቋንቋ፣ ሁለተኛው ከታች ክፍል የመጣ የሒሳብ ጉድለት።

መጀመሪያ ቋንቋው

9ኛ ክፍል ሲገባ ከአማርኛ በስተቀር ሁሉም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሆናል። በመንግሥት ትምህርት ቤት አብዛኛውን ትምህርቱን በአማርኛ የተማረ ልጅ በአንድ መስከረም ባዮሎጂውንም፣ ጂኦግራፊውንም፣ ታሪኩንም በማያውቀው ቋንቋ ያገኘዋል። መምህሩ በአማርኛ ሲያስረዳው ይገባዋል፤ ደብተሩን ሲከፍት ግን ጠፍቶበታል። ያኔ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ትርጉሙን ትቶ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ይሸመድዳል። ሽምደዳው ለክፍል ፈተና ይበቃዋል። ብሔራዊ ፈተናው ላይ ግን ያው ሐሳብ በሌላ ቃል ተጽፎ ስለሚመጣ አያውቀውም።

መፍትሔው ርካሽ ነው፤ አንድ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ ከዚያ ቀን ትምህርት አምስት ቃል ይጻፍበት፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ፣ ፍቺው በልጁ በራሱ አማርኛ፣ ቃሉ ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር። በሳምንት 25 ቃል ነው። ትምህርት በሚሰጥባቸው 36 ሳምንታት ከቀጠለ 900 ቃል ይሆናል፤ የ9ኛ ክፍል መጻሕፍትን ለማንበብ ትልቅ እገዛ ነው። እንግሊዝኛ የማያውቅ ወላጅም ይህን መቆጣጠር ይችላል። የአማርኛውን ዓምድ በእጁ ሸፍኖ «ይህ ምን ማለት ነው?» ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅበት። ልጁ በገዛ አፉ በአማርኛ ማስረዳት ካቃተው ነገሩ አልገባውም ማለት ነው።

ከትምህርቱ ቃላት ጎን ለጎን የጥያቄ ቃላት አሉ፤ እነዚህን ማንም ለብቻቸው አያስተምራቸውም። «ኤክሴፕት» (በስተቀር)፣ «ኖት» (ያልሆነ)፣ «ሊስት» (ከሁሉ ያነሰ)፣ «ኢንኮሬክት» (ትክክል ያልሆነ) የሚሉት ጥያቄውን ይገለብጡታል። መልሱን የሚያውቅ ልጅ «ከሚከተሉት ትክክል ያልሆነው» የሚለውን «ትክክል የሆነው» ብሎ አንብቦ የመጀመሪያውን ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ያጠቁራል። ይህ ስሕተት ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ቃሏን በእርሳስ በማክበብ ልማድ ይጠፋል። መምህራን በየክፍል ፈተናው ቢያንስ ሁለት እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢያስገቡ ልጆቹ 12ኛ ክፍል ሲደርሱ ዓይናቸው ይለምደዋል።

«ፊዚክስ አይገባውም» ከማለት በፊት

ይህን ጥያቄ እንይ። አንድ ሚኒባስ ከደሴ ኮምቦልቻ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ በ50 ደቂቃ ቢሄድ፣ ፍጥነቱ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር ነው? መልሱ 30 ነው። ከሦስት ልጆች ሦስቱም ሊሳሳቱት ይችላሉ። አንደኛው 25 ለ 50 አካፍሎ 0.5 ይላል፤ ደቂቃን ወደ ሰዓት መቀየር አልመጣለትም። ሁለተኛው 50 ደቂቃ አምስት ስድስተኛ ሰዓት መሆኑን አውቋል፣ ግን 25ን ለክፍልፋይ ማካፈል አይችልም። ሦስተኛው ሁለቱንም ይችላል፤ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ ምን እንደተጠየቀ አላወቀም። ሦስቱም ዜሮ አገኙ፣ ሦስቱም «ፊዚክስ አይችሉም» ተባሉ። ከሦስቱ የአንዱም ችግር ግን ፊዚክስ አይደለም። የመጀመሪያው መሥፈርያ መለወጥ፣ ሁለተኛው የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ሒሳብ፣ ሦስተኛው ቋንቋ ነው የሚያስፈልገው። ለሦስቱም የፊዚክስ አስጠኚ ቢቀጠር ገንዘቡ ይባክናል።

በደሴና በኮምቦልቻ ይህን ጉድለት የሚያብስ የራሳችን ታሪክም አለ። በ2018 ዓ.ም. 9ኛ ክፍል የገባ፣ ዓመት ያልደገመ ልጅ መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ 3ኛ ክፍል ነበር። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሁለቱ ከተሞች ውስጥ ሲገባ ደግሞ 5ኛ ክፍል። ክፍልፋይ፣ አስርዮሽና መቶኛ የሚደላደሉት በእነዚህ ዓመታት አካባቢ ነው። የዚህ ትውልድ የሒሳብ ቀዳዳ የት እንዳለ መገመት አይከብድም፤ ልጁንም «ደደብ» የሚያሰኘው ነገር የለም።

ትምህርት ቤቶች ማድረግ የሚችሉት ትልቁ ነገር ቀዳዳውን ቀድሞ ማግኘት ነው። ትምህርት በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ የ40 ደቂቃ፣ 20 ጥያቄ ያለው መመዘኛ ይሰጥ፦ 5 በአሉታዊ ቁጥሮች፣ 5 በክፍልፋይ፣ 5 በመቶኛና መሥፈርያ መለወጥ፣ 5 አንድ ያልታወቀ ባለው እኩልታ። ምርጫ ባይኖረው ይሻላል፤ ልጁ የሠራበት መንገድ መታየት አለበት። ውጤቱ በካርድ ላይ መመዝገብ የለበትም። ማርክ ከተያዘበት ልጆቹ ይኮራረጃሉ፣ መመዘኛውም ዋጋ ያጣል። ከአምስቱ ሦስት ያላገኘበትን ክፍል ልጁ ከስድስት ሳምንት ላልበለጠ ጊዜ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ40 ደቂቃ ያካክስ። ይህን ለመምራት የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪዎች ይበቃሉ፤ ማስረዳት ለእነሱም ክለሳ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። ማካካሻው ቅዳሜ ይጠራል፣ መምህሩ የሳምንቱን ትምህርት በሰሌዳ ላይ እንደገና ይጽፋል፣ ልጆቹ እንደገና ይገለብጣሉ። ያልገባ ነገር ሁለቴ ስለተገለበጠ አይገባም። በማካካሻ ሰዓት ጠመኔው ከመምህሩ እጅ ይልቅ በልጆቹ እጅ ቢቆይ ነው የሚበጀው።

ካርዱን እንዴት ማንበብ

ካርድ ሲመጣ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንተኛ ወጣህ?» ነው። ደረጃ ስለ ልጁ ዕውቀት ብዙ አይናገርም፤ አብረውት የተቀመጡት እነማን እንደሆኑ ነው የሚነግረን። ድምሩም ያታልላል። ከ100 የተያዘው ማርክ የደብተር፣ የቤት ሥራ፣ የቡድን ሥራና የፈተና ድምር ነው። የቡድን ሥራ ለአምስቱም እኩል ይሰጣል፤ የሠራው ግን አንዱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የክፍል ኃላፊ መምህሩን «ከማጠቃለያ ፈተናው ብቻ ስንት አገኘ?» ብላችሁ ጠይቁ። ድምሩ 80 ሆኖ ማጠቃለያው ላይ ግማሹን ያላገኘ ልጅ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ካርዱ ግን ይህን አይነግራችሁም።

ከልጁ ጋር ሲሆን ደግሞ የተመለሰለትን የፈተና ወረቀት አስመጡትና የተሳሳተውን አብራችሁ እዩ። ለየስሕተቱ አራት ሊሆን የሚችል ምክንያት አለ፦ አላወቀውም፣ ጥያቄውን አሳስቶ አነበበው፣ ስሌት ሳተ፣ ወይም ሰዓት አለቀበት። ልጁ ራሱ ከአራቱ አንዱን ከጎኑ ይጻፍ። ከሦስት ፈተና በኋላ አንዱ ምክንያት ደጋግሞ ይወጣል፤ ጥናቱም ወደዚያ ይዞራል። የጎረቤት ልጅ ስም በዚህ ጨዋታ ውስጥ መግባት የለበትም። «የእነ እገሌ ልጅ» የሚለው ቃል የገባበት ቤት ልጁ የፈተና ወረቀቱን መደበቅ ይጀምራል። «አብሽር» የሚለው የወላጅ ቃል ኃይል አለው፤ ነገር ግን ከኋላው «የትኛው ነው ያስቸገረህ?» የሚል ካልተከተለ ልጁን ብቻውን ይተወዋል።

ጥናቱ ራሱ

አብዛኛው ልጅ ማጥናት የሚለው ደብተር ደጋግሞ ማንበብን ነው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያነብ ገጹን ስለለመደው ያወቀው ይመስለዋል። መልመድና ማስታወስ ግን ይለያያሉ። ፈተና የሚጠይቀው ደብተሩ ተዘግቶ ነው፤ ጥናትም ደብተሩ ተዘግቶ መሆን አለበት። አንድ ርዕስ 25 ደቂቃ ያንብብ፣ ይዝጋው፣ በባዶ ወረቀት ላይ ለ10 ደቂቃ የሚያስታውሰውን ይጻፍ፣ ከዚያ ከፍቶ የጎደለውን በሌላ ቀለም ይሙላ። በማግስቱ፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ እንደገና በባዶ ወረቀት ይሞክረው። ሲጀምር ያበሳጫል፤ ምክንያቱም የማያውቀውን ያሳየዋል። ጥቅሙም እዚሁ ላይ ነው።

ለ9ኛ ክፍል ልጅ በሥራ ቀን ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት በቂ ነው። ከዚህ በላይ የሚጨመረው 11ኛ ክፍል ላይ ይሁን። የአንድ ለአምስት ቡድን ካላቸው ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ርዕስ ይዞ ከደብተር ሳያነብ ለሌሎቹ ያስረዳ፤ ጎበዙ ሠርቶ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ቡድን ከሌለ ይሻላል።

ሰዓቱ ከየት ይመጣል? ይህ በግልጽ መነጋገር የሚገባው ጉዳይ ነው፤ በተለይ ስለ ሴት ልጆች። ከትምህርት ቤት ተመልሳ ውኃ የምትቀዳ፣ እንጀራ የምትጋግርና ታናናሾቿን የምትይዝ ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ከወንድሟ ያነሰ ጊዜ ካላት፣ በአምስት የሥራ ቀን 10 ሰዓት ነው፤ በ36 ሳምንት 360 ሰዓት። ከዚያ በኋላ ውጤታቸው ቢለያይ የጭንቅላት ጉዳይ አድርጎ ማየት ግፍ ነው። ሥራው ይቅር አንልም። እንጀራው ቅዳሜ በአንድ ጊዜ ይጋገር፣ ውኃው የወንድሟም ተራ ይሁን፣ ከቀኑ 10 እስከ 12 ሰዓት ያለው ጊዜ ማንም የማይልካት ሰዓት ይሁን። ያ ሰዓት የቀን ብርሃን ያለበት በመሆኑ መብራት ቢጠፋም አይነካም።

ከዙሪያው ገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ልጆች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። ስንቁ ሲያልቅ ዓርብ ቀርተው ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፤ ሰኞም ያረፍዳሉ። ትምህርት ቤቱ ዓርብና ሰኞ የሚቀሩትን ከመዝገቡ ለይቶ ቢያይ አብዛኞቹ እነዚህ ሆነው ያገኛቸዋል። ከቅጣት በፊት አንድ ሰው ይመደብላቸው፤ የሚያመልጣቸውንም ትምህርት ማን ማስታወሻ እንደሚይዝላቸው ይታወቅ። ፈተናና ክለሳም በእነዚህ ሁለት ቀናት ባይደረግ መልካም ነው።

እንቅልፍ፣ ጾም፣ ቡናና ጫት

በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ያስፈልገዋል። ቀን የተጠናው በአእምሮ የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ስለሆነ እንቅልፉን ሰርቆ ማጥናት ያጠኑትን መልሶ ማፍሰስ ነው። ከምሽቱ 3፡30 ተኝቶ ንጋት 12 ሰዓት የሚነሳ 8 ሰዓት ተኩል ያገኛል። ስልኩ በዚያ ሰዓት ወላጅ ክፍል ይደር።

ቡናችንን አንነካም፤ ሰዓቱን ግን እንይ። ከቀኑ 10 ሰዓት ከተጠጣ ቡና አነቃቂው ግማሹ ገደማ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገና ከሰውነቱ አልወጣም። ለተማሪ የቀትሩ ቡና ይብቃው። ጫትን በተመለከተ ግን ወሎ ውስጥ ዝም ማለት አይገባም። ጫት ሌሊቱን ያነቃል፤ ልጁ በምርቃና ብዙ ገጽ ይገለብጣል፣ የገባውም ይመስለዋል። ቀጥሎ የምግብ ፍላጎቱ ይጠፋል፣ እንቅልፉ ወደ ንጋት ይሸሻል፣ በማግስቱ ክፍል ውስጥ ይጫጫነዋል። ያን ድካም ለማጥፋት እንደገና ይቅማል። ፈተናው ጠዋት ይጀምራል፤ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ደግሞ ጫት የለም። ሐራራው በዚያ ሳምንት ከመጣ የአራት ዓመት ልፋት አደጋ ላይ ይወድቃል። ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው የሚቅም ከሆነ የልጁ የማጥኛ ቦታ ከዚያ ክፍል ውጭ ይሁን።

በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የካቲት ላይ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የገቡት፤ ሁለቱም ሁለተኛውን ሴሚስተር ይዘው ይሄዳሉ። በረመዳን ከሱሑርና ከሱብሂ ሶላት በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ለሒሳብ የተሻለው ጊዜ ነው፤ ከሰዓት በኋላ 30 ደቂቃ ማሸለብ፣ ከኢፍጧር በኋላ ጥቂት አርፎ ቀለል ያለ ክለሳ። ዐቢይ ጾምን ለሚጾመው ምስር፣ ሽሮና ቆሎ አይጉደልበት። ትምህርት ቤቶች በእነዚህ ሳምንታት ፈተና በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜያት ቢያደርጉ ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ነው።

ብርዱም ሙቀቱም ይታሰብ። ደሴ ምሽት ላይ ልጅ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ካጠና በ15 ደቂቃ ይተኛል፤ ጋቢ ደርቦ ወንበር ላይ ይቀመጥ። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ከሰዓት በኋላ ያደክማል፤ ከባዱን ትምህርት ለማለዳ ማድረግ ይጠቅማል።

ልጁ ለሁለት ሳምንት ያህል መብላት ካቆመ፣ እንቅልፍ ካጣ፣ ከጓደኞቹ ከራቀ፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ሆዱን ወይም ራሱን ካመመው ሐኪም ይየው። ስለ መሞት ከተናገረ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ «ለማስፈራራት ነው» ተብሎ አይታለፍ።

10ኛ ክፍል ማብቂያና ከዚያ በኋላ

የተፈጥሮ ወይስ የማኅበራዊ ሳይንስ የሚለው ምርጫ ሲመጣ «ናቹራል የጎበዝ፣ ሶሻል የሰነፍ» የሚለው ወሬ ብዙ ልጅ አበላሽቷል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የሒሳብና የፊዚክስ ማጠቃለያ ፈተናዎች ይታዩ፤ ጓደኛው የት እንደገባ ሳይሆን እነሱ ይወስኑ። ሒሳብ ሁለቱም ጋ አለ፤ ከሒሳብ ለመሸሽ ሶሻል የሚገባ ልጅ እዚያም ያገኘዋል።

12ኛ ክፍል ላይ ሦስት ነገር በእጅጉ ይጎዳል። አንደኛው ምዝገባ ነው። የስም ፊደል ወይም የትውልድ ቀን ከ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ጋር ካልገጠመ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው፤ የተመዘገበውን ወላጅና ልጅ አብረው በየፊደሉ ያመሳክሩ። ሁለተኛው የመልስ ወረቀት ነው። አንድ ጥያቄ ዘሎ መልሱን በተከታዩ ክብ ላይ ያጠቆረ ልጅ ከዚያ በታች ያለውን ሁሉ ይስታል። በየአሥር ጥያቄው የጥያቄውንና የክቡን ቁጥር ማመሳከር በሞዴል ፈተና ይለመድ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ ጠቅላላውን ደቂቃ ለጥያቄው ብዛት ያካፍል፣ ከዚያ በላይ የወሰደውን ምልክት አድርጎ ይለፈው። ከ2016 ጀምሮ በኮምፒውተር የሚፈተኑም ስላሉ ማውስ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጊዜ መለማመድ አለበት።

ሦስተኛው ቴሌግራም ላይ «የወጣ ፈተና» እያሉ የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ ቀርቶ፣ ልጁ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት የሐሰት መልስ ሲሸመድድ ያልፋል። ወላጅ እንዲህ ላለ ነገር አንድ ብር ከሰጠ ልጁ የሚረዳው «በአንተ አልታመንም» እንደተባለ ነው።

ፈተናው በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ የደረሰው የኮምቦልቻ ልጅ ብርዱን ይወቀው፤ ክረምት ነው፣ ሹራብና ጋቢ ይያዝ። መግቢያ ካርዱን፣ የተማሪ መታወቂያውን፣ ሁለት የተቀረጸ እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ከዋዜማው በፊት በአንድ ከረጢት ያኑር። ስልክ ስለማይገባ ማን እንደሚሸኘው፣ የመጨረሻው ፈተና ሲያልቅ የት በር ላይ ማን እንደሚጠብቀው ከቤት ሳይወጣ ይነገረው።